ከበረዶ አፈር ዲኤንኤ ለምታወጡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከማሞዝ (ከምድር ከጠፋው ጠጉራም የዝሆን ዘመድ) አጥንት ዲኤንኤ የሚያወጣ ሰው አንድ ጭንቀት ቀሎለታል፤ በጓንቱ ላይ ማሞዝ የለም። እናንተ የመረጣችሁት ባክቴሪያ ግን በጓንታችሁም፣ በመሰርሰሪያውም፣ በኬሚካሉ ጠርሙስም ውስጥ አለ። ስለዚህ ፐርማፍሮስት (ዓመት ከዓመት የማይቀልጥ በረዷማ አፈር) ስትቆፍሩ «ማን ነበረ?» ከማለታችሁ በፊት «ይህ በእርግጥ የዚያ ዘመን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥንቃቄው ከቁፋሮው ይጀምራል። መሰርሰሪያውን ተለይቶ የሚታወቅ ዲኤንኤ ወይም በልዩ ብርሃን የሚያበሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ቀቡት። መሰርሰሪያው ሲግል የኮሩን (ተሰርስሮ የሚወጣውን የአፈር ዘንግ) ጠርዝ ያቀልጠዋል፤ ውሃውም በስንጥቅ በኩል ብክለቱን ይዞ ይገባል። በበረዶ ክፍል ውስጥ፣ በየድርቡ ምላጭ እየቀየራችሁ ውጩን ፍቃችሁ ጣሉና ናሙናውን ከእምብርቱ ውሰዱ። የቀባችሁት ምልክት እምብርቱ ድረስ ከዘለቀ፣ ቢያሳዝናችሁም ያ ናሙና አይሆንም። አፈር ያልገባበት ባዶ ቱቦም ከናሙናው እኩል ሁሉንም ደረጃ ይለፍ፤ ውጤቱም ይነበብ።

ያወጣችሁት ፈሳሽ ቡናማ ከሆነ ሂዩሚክ አሲድ (ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚመጣ የአፈር አሲድ) አለበት፤ ፒሲአሩን (ዲኤንኤን የሚያባዛውን ሂደት) ያፍነዋል። «ዲኤንኤ የለም» ብላችሁ ሳትደመድሙ 10 እጥፍ አቅጥናችሁ ሞክሩ።

ከሁሉ አብልጣችሁ እንድትወዱት የምፈልገው ግን ጉዳቱን ነው። ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱ የሆነው ሳይቶሲን በዘመን ብዛት ወደ ዩራሲል ይለወጣል፤ የዲኤንኤ ማንበቢያው መሣሪያ ደግሞ ቲሚን የተባለ ሌላ ፊደል ብሎ ያነበዋል። ስህተቱ በቁርጥራጮቹ ጫፍ ላይ ይበዛል፤ በግራፍ ስታስቀምጡት ወደ ጫፉ ሽቅብ ይወጣል። በ2022 ይፋ የሆነው የሰሜን ግሪንላንድ የ2 ሚሊዮን ዓመት ዲኤንኤ እንኳ እርጅናው ከተመሰከረባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ማኅተም ነው። ዩራሲልን የሚያጸዳ ኢንዛይም ስትጨምሩ ንባቡ ይጠራል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ከፊሉን ሳታጸዱ አስቀሩ።

ጉዳት የሌለበት ሁሉ ደግሞ ብክለት አይደለም። በ2007 የታተመ ጥናት ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በቆየ በረዷማ አፈር ውስጥ ዲኤንኤያቸውን እየጠገኑ የቆዩ ባክቴሪያዎች እንዳሉ የሚያመለክት ማስረጃ አቅርቧል። እንዲህ ያለው ሕዋስ የሚነግራችሁ ብርዱን ማን እንደቻለ እንጂ በጥንቱ መስክ ማን እንደበዛ አይደለም። ሁለቱን አታምታቱ። ሜቴን ጋዝ የሚሠሩ አርኬያ (ባክቴሪያ የሚመስሉ ሌላ ዓይነት ደቂቅ ሕዋሳት) ስታገኙም «ረግረግ ነበር» ለማለት አትቸኩሉ፤ ከዚያው ድርብ የወጣውን የአበባ ብናኝና የደለሉን ዓይነት አስተያዩ። ዕድሜውን በሬዲዮካርቦን የምትለኩ ከሆነ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ አይወስዳችሁም፤ ከዚያ ለሚያልፈው የኳርትዝ ቅንጣት ብርሃን ካየ ስንት ዘመን እንደሆነው የሚለካው ዘዴ አለ።

የኮሩን ግማሽ ሳትነኩት በቅዝቃዜ አቆዩት፤ ሌላ ቤተ ሙከራ ከመጀመሪያው ይሞክረው።