ጨርቁ ለምን ይጣመማል?

ጥያቄ፦ የክሮስ ስቲች (በመስቀል ቅርጽ የሚሰፋ ጥልፍ) ጨርቄን በሁለት ዘንግ በሚጠቀለለው ፍሬም ስወጥረው አንዱ ጎን ይጠብቃል፣ ሌላው ይረግባል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ዘንጉን ከሚያጠብቀው ብሎን ሳይሆን ጨርቁ ከዘንጉ ጋር ከተያያዘበት ስፌት ነው። ጨርቁ በዘንጉ ላይ ከተያያዘው ጥብጣብ ጋር ጠመም ብሎ ከተሰፋ፣ ብሎን ማጥበቅ ያብስበታል እንጂ አያቃናውም። ይተርትሩት። ጠርዙን 1 ሴንቲ ሜትር አጥፈው ይስፉ፤ የጨርቁንም የጥብጣቡንም መሃል በእርሳስ ምልክት አድርገው ያጋጥሙ። ከመሃል ወደ አንዱ ዳር፣ ተመልሰው ደግሞ ከመሃል ወደ ሌላው ይስፉ። መርፌው ከአንዱ የቀዳዳ መስመር ፈቀቅ እንዳይል፤ አይዳ የሚባለው፣ ቀዳዳዎቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ የጥልፍ ጨርቅ ለዚህ ይመቻል፣ ቀዳዳው ይቆጠራል። ከዳር ከጀመሩ ጨርቁ እየተሳበ መጨረሻው ላይ ይተርፋል። በደንብ የተወጠረ ጨርቅ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ድም ይላል። ጎንና ጎኑ ከረገበ፣ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ በወፍራም ክር ከጎኑ እንጨት ጋር ይወጥሩት። ሥራ ሲያቆሙ ብሎኑን ያላሉ።