ፕላቲነምን በብረት መተካት እንጀራ ይሆናል ወይ?

«ጋሼ፣ የኬሚስትሪ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጂን ስለማውጣት፣ እዚያ ላይ የሚገቡትን ፕላቲነምና ኢሪዲየም በብረትና በኒኬል ስለመተካት ሴሚናር አቀረብኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰኘኝም። ወንድሜ ግን ‹ደመወዙን ማን ይከፍልሻል? አካውንቲንግ ጨምሪበት› ይለኛል። ማስተርሴን በዚህ ልቀጥል?»

እህቴ፣ ወንድምሽን አትቆጪው፤ የጠየቀው ልክ ነው። የሥራ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች ብታስሺው «የካታሊስት ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል አታገኚም (ካታሊስት ማለት እንደ ፕላቲነሙ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው)። ሥራው በሌላ ስም ነው የሚጠራው፤ እመጣበታለሁ።

ነገሩ የአንድ ሰሞን ወሬ አይደለም። በመላው ዓለም በዓመት የሚወጣው ኢሪዲየም ስምንት ቶን ገደማ ነው። አንድ ሲኖ ጭኖት ይሄዳል፣ ያውም ሳይሞላ። አብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከፕላቲነም ጋር ተያይዞ ስለሚወጣ፣ ዋጋው ስለጨመረ ብቻ ብዙ አይወጣም። (እኛም ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ ፕላቲነም አለን። «ታዲያ ምን አስተካን?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱን ለጂኦሎጂ ተማሪ እንተውለት።) ውሃውን እንደ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ባለ አልካላይን ፈሳሽ ውስጥ የሚሰነጥቀው፣ ውድ ማዕድን የማይፈልገው የአልካላይን ዘዴ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ግብፆች አስዋን ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከውሃ ኃይል ሃይድሮጂን እያወጡ የማዳበሪያ ፋብሪካ ይመግቡበት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ርካሹ ምትክ ሁሌም የራሱን አመል ይዞ ይመጣል። ደመወዝ የሚከፈለው ያንን አመል ለሚያውቅ ሰው ነው።

ደጃፍሽ ላይ ያለውን እዪ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ተጥለቅልቃለች። እንደ ቢዋይዲ ያሉት ባትሪያቸው ኮባልትም ኒኬልም የለውም፤ ብረትና ፎስፌት ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1997 ከጆን ጉድኢናፍ ቤተ ሙከራ ሲወጣ ማቴሪያሉ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም ነበር። ካርቦን አልብሰው፣ አድቅቀው ነው የገሩት። ሌላው አመሉ ግን እስካሁን አለ። የሴሉ ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ 3.2 ቮልት አካባቢ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ የቀረው ቻርጅ 70 ፐርሰንት ይሁን 40 ከቮልቴጁ ብቻ መለየት ይከብዳል። ሾፌሩ «30 ይል ነበር፣ ድንገት 12 ገባብኝ» ብሎ ይመጣል። ጋራዡ «ባትሪው ሞቷል» ይለዋል። ላይሞት ይችላል እኮ! ብዙ ጊዜ እስከ 100 ቻርጅ ሳይደረግ ቆይቶ ቆጠራው ተዛብቶም ሊሆን ይችላል። ይህን ለሰውየው ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ኬሚስት ጋራዥ ውስጥ ስንት አለ?

ቤተ ሙከራም ውስጥ ያው ነው። ከፕላቲነም ነፃ የሆነ ካታሊስት አሲድ ውስጥ እየሞከርሽ ነው እንበል። ማዶ ያለው ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩ ፈሳሹ ውስጥ የሚገባበትና የሚወጣበት ዘንግ) የፕላቲነም ሽቦ ነው፤ ክፍሉ ያለው እሱን ነዋ። ሙከራው ሲረዝም ፕላቲነሙ ቀስ እያለ ይሟሟና መጥቶ ያንቺ ካታሊስት ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ ውጤቱ ያምራል። አማካሪሽም ደስ ይለዋል። የለካሽው ግን ፕላቲነም ነው። ኒኬልም የራሱ ጉድ አለው። ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ የቀረች ጥቂት የብረት ርዝራዥ ኦክሲጅን በሚወጣበት በኩል ኒኬሉን ታጎብዘዋለች፤ ምስጋናውን ግን ኒኬሉ ይወስዳል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ውጤቴ ያማረ ሲመስለኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህንን ነው» የሚል ተወዳዳሪ ቢመጣልኝ ሌላ ጥያቄ አልጨምርበትም።

ስለዚህ ቀጥዪ፤ ግን የአንድ ማዕድን ሰው አትሁኚ። ኤሌክትሮኬሚስትሪ ያዢ። እሱን ከያዝሽ ባትሪ፣ ዝገት፣ የብረት ቅብ፣ የውሃ ምርመራ ሁሉ ያስጠጋሻል። ከመመዝገብሽ በፊት ክፍሉ ሄደሽ ፖቴንሺዮስታት (ቮልቴጁን ተቆጣጥሮ ኤሌክትሪኩን የሚለካው መሣሪያ) እንዳለ ጠይቂ። «አለ» ካሉሽ «ይሠራል ወይ?» በዪ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። መልሱን ከኃላፊው ይልቅ ከቴክኒሻኑ ውሰጂ።

ለፒኤችዲ ታይዋንን አትርሺ። እዚያ በባትሪና በካታሊስት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ስማቸውን ጥናቶቻቸው ላይ ታገኚዋለሽ። ኢሜይል ጻፊላቸው፤ አጭር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ያለው። «ስኮላርሺፕ ይፈልጉልኝ» የሚል ደብዳቤ ማንም አይመልስም።

አካውንቲንጉን ተዪው፣ በምትኩ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ። ክረምቱን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ጋራዥ ፈልገሽ ሁለት ወር በነፃም ቢሆን ተጠጊ። ሲቪሽ ላይ «ለታዳሽ ኃይል ፍቅር አለኝ» ብለሽ አትጻፊ። ምን እንደለካሽ፣ ለስንት ሰዓት እንደለካሽ ጻፊ።

የፕላቲነሙን ሽቦ የሚተካ የግራፋይት ዘንግ ክፍሉ ከሌለውም አትጨነቂ። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ ርካሹን የዚንክ-ካርቦን ዓይነት (አልካላይን ወይም ሊቲየም ያልሆነውን)፣ ጓንት አድርገሽ ሰንጥቂው። መሐሉ ላይ ያለችው ጥቁር ዘንግ ለመለማመጃ ትሆንሻለች።