ጉሎ የተቀባው በርጩማ ለምን አልደረቀም?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «በገዛ እጄ በርጩማ ሠራሁ። እግሮቹ እንጨት፣ መቀመጫው ቆዳ ነው። የጉሎ ዘይት ለቫርኒሽ መሥሪያ ይውላል የሚል ነገር አንብቤ ሁለቱንም ጠገብ አድርጌ ቀባኋቸው። ቆዳው ለስልሶ አምሮበታል። እንጨቱ ግን ሦስት ሳምንት ሞልቶትም እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አቧራ ይለቅማል። ፀሐይ ላይ ባወጣው ባሰበት። በቤንዚን ብጠርገው ለውጥ የለም። በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው ወይስ ቫርኒሽ ልደርብበት? ግማሽ ጠርሙስም ተርፎኛል፤ ልጄ ሆዱ ሲደርቅበት ልስጠው?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፦ ለልጁ እንዳትሰጠው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ እንጨቱ። ብርጭቆ ወረቀቱንም ቫርኒሹንም ለጊዜው አስቀምጣቸው። ዘይት ያለበትን እንጨት ስትፈገፍግ ዱቄቱና ዘይቱ ይለወሱና ወረቀቱን ወዲያው ይደፍኑታል። ወረቀት ትጨርሳለህ እንጂ ዘይቱን አትጨርስም። ቫርኒሹም ቢሆን ከሥሩ ቅባት ካለ አይጨብጥም። ዛሬ ያብረቀርቅልሃል፣ ቆየት ብሎ በጥፍርህ ተልጦ ይነሳል።

ያነበብከው ነገር ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። እንጨት ላይ የምንቀባቸው እንደ ተልባ ያሉ ዘይቶች «ደረቁ» የምንለው ውኃ ተንኖላቸው አይደለም። ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰዱ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ። ለመተሳሰር ደግሞ በሞለኪውላቸው ውስጥ በቂ ድርብ ቦንድ፣ ማለትም ሁለት አተሞችን በእጥፍ የሚያያይዝ ማሰሪያ፣ ያስፈልጋቸዋል። የጉሎ ዘይት 90 በመቶ ያህሉ ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባል ነገር ነው፤ ይሄ አሲድ ያለው አንድ ድርብ ቦንድ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ብትጠብቀው በደንብ አይደርቅም፣ ይወፍርና ይበልጥ ይጣበቃል እንጂ። ለቫርኒሽና ለቀለም የሚውለው ፋብሪካ ውስጥ ከ200 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ አሲድነት ያለው ማፋጠኛ ተጨምሮበት፣ ከራሱ ከሞለኪውሉ ውኃ የወጣለት የጉሎ ዘይት ነው። ያ ውኃ ሲወጣ ሁለተኛ ድርብ ቦንድ ይፈጠራል፣ ያኔ መድረቅ ይችላል። ይሄንን ደግሞ ቤት ውስጥ ልሞክረው እንዳትል፤ ጭሱም እሳቱም ቀልድ አያውቅም።

ፀሐይዋ ለምን አባሰችው? ጉሎ ከምግብ ዘይት ሁሉ እጅግ ወፍራም ነው፤ ሲሞቅ ግን ይቀጥናል። ስለዚህ ውስጥ የገባው ሞቆ ወደ ላይ ወጣ፣ ሲበርድ እዚያው ወፈረ።

ቤንዚኑ ያልሠራው ደግሞ ጉሎ ከሌሎች ዘይቶች የተለየ ጠባይ ስላለው ነው፤ ከነዳጅ ወገን ጋር እንደሌሎቹ በቀላሉ አይዋሃድም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞተራቸው ከነሲሊንደሩ የሚሽከረከር የጦር አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ በኩል አልፎ ነው ሲሊንደር የሚደርሰው። ተራ የሞተር ዘይት ቢሆን ቤንዚኑ አቅጥኖ ያጥበው ነበር፣ ጉሎ ግን እምቢ ስለሚል እሱን ነበር የሚጠቀሙት። አንተ እንግዲህ የአውሮፕላን ሞተር ያላስለቀቀውን ዘይት በቤንዚን ጨርቅ ነው የታገልከው።

የጉሎ መድኃኒቱ አልኮል ነው። አብዛኞቹ የአትክልት ዘይቶች በአልኮል አይሟሙም፣ ጉሎ ግን በጠንካራ አልኮል ልቅም ብሎ ይሟሟል። ጠንካራ ስልህ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ማለቴ ነው። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶ ውኃ ስለሚበዛበት ደካማ ነው፣ ጄሉንማ ተወው።

መጀመሪያ ከላይ ያለውን አንሳ። ደረቅና ደቃቅ ሰጋቱራ እግሮቹ ላይ ነስንሰህ በጨርቅ እሽ፤ ዘይቱን ጠጥቶ ጠቆር ሲል አራግፈህ ሌላ ነስንስ። የሚያዝረከርክ ሥራ ነው፣ ግን ለአልኮሉ ብዙ ያቀልለታል። ከዚያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አልኮል ነክረህ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ጥረግ፣ በአንድ ጊዜ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ። ጨርቁ ቢጫ ሲል ገልብጠው፣ ሲሞላ ቀይረው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰንፈው፤ በዚያው በአንዱ ጨርቅ ከቀጠልክ ዘይቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዞርክ ነው። መስኮት ክፈት፣ አካባቢው ላይ ሲጋራም ምድጃም አይኑር። ቆዳውን አልኮል እንዳይነካው በፕላስቲክ ሸፍነው፣ ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ያነሳል።

አንድ ዙር ጨርሰህ ሁለት ቀን ተወው። ከውስጥ የቀረው ትንሽ ትንሽ ይወጣል፣ እንደገና ጥረገው። መጨረሱን የምታውቀው በእጅህ ሳይሆን በወረቀት ነው፦ ነጭ ወረቀት እንጨቱ ላይ አድርገህ፣ ክብደት ጭነህበት አሳድረው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የዘይት ነጥብ ካየህ ገና ነው። ንጹሕ ከሆነ አሁን ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት ማምጣት ትችላለህ። የሚነቃነቅ እግር ካለም ከዚህ በፊት ኮላ እንዳትነካ፤ ቅባት ያለበት መጋጠሚያ ኮላ አይቀበልም።

ለማጠናቀቂያ እኔ ብሆን ማድረቂያ የተጨመረበት የተልባ ዘይት እቀባለሁ። ስስ አድርገህ ቀብተህ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ሙልጭ አድርገህ ጥረግ፣ በማግስቱ ድገመው። አደራ፣ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፤ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል። ደጅ ዘርግተህ አድርቀው ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው።

ቆዳው ያማረበት እንጨቱ በተበላሸበት ምክንያት ነው፤ ቆዳ የሚፈልገው የማይደርቅ፣ ክሩ መሃል ገብቶ እንደለሰለሰ የሚቆይ ቅባት ነው። ግን አታብዛው። ሲበዛ ልብስ ላይ ይወጣል፣ ቀለሙን ያጠቁራል። ቆዳውን ለብ አድርገህ፣ በጣትህ ጫፍ ጥቂት ጠብታ አሸተህ፣ ትርፉን ጥረግ፤ በቃ። ጸጉራም ገጽ ላለው ቆዳ አይሆንም።

የተረፈህን ለዚሁ ለቆዳ አስቀምጠው። ለሚንቋቋ የበር ማጠፊያም አንድ ሁለት ጠብታ ይሠራል፣ ጊዜ ሲወስድ ስለሚወፍር ግን ለጥቃቅን ማሽን አላደርገውም። ፋብሪካዎችስ ሃይድሮጅን ጨምረውበት የመኪና ኩሽኔታ ላይ ለሚገባው ግራሶ መሠረት ያደርጉታል፤ ናይለን 11 የሚባለው ፕላስቲክም መነሻው ይኸው ዘይት ነው። ሳሙና የሚሠሩም አረፋው እንዲበረክት ትንሽ ጣል ያደርጉበታል።

ወደ ልጁ ስንመለስ፣ የጉሎ ዘይት እውነትም የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው። አንጀት ውስጥ ሲፈጭ ያ ሪሲኖሌይክ አሲድ ይለቀቅና አንጀቱን ያንቀሳቅሰዋል፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ግን ኃይለኛ ነው፤ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል፣ የሰውነት ውኃ ያሳጣል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አይሰጥም። ለመድኃኒት የሚሆነው ተጣርቶ ለዚያ የተዘጋጀው ነው። ለእንጨት ብለህ የገዛኸው ውስጥ ምን እንዳለ አንተም እኔም አናውቅም። ለሕፃን ሐኪም ሳያይ ምንም አታጠጣ። ፍሬውን ገዝቼ ራሴ ልጭመቅ የሚል ሐሳብም ከመጣብህ ተወው፤ ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ገዳይ መርዝ አለ፣ በፋብሪካ ሲጨመቅ መርዙ ፋጉሎው ውስጥ ስለሚቀርና ዘይቱም በሙቀት ስለሚታከም ነው ዘይቱ የሚጠጣው። ጠርሙስህ ላይ «ለቆዳ ብቻ» ብለህ ጻፍና ልጁ እጁ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አውጣው።