የተፈረመበት ካርድ በፖስታ ሲመለስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጨዋታ ላቆሙ የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች ምስላቸው የታተመበትን ካርድ እየላክሁ አስፈርማለሁ። ቶፕስ የተባለው ካርድ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣቸው ካርዶቼ አምረው ይመለሳሉ። በቅርብ ዓመታት በታተሙት ላይ ግን ቀለሙ እንደ ውሃ ጠብታ ተሰባስቦ ይደርቃል፤ አንዱማ ጭራሽ ተዝረክርኮ መጣ። በሌላ ማርከር እንዲፈርሙልኝ ልጠይቅ?

መልስ፦ ጥፋቱ የማርከሩ አይደለም። የ1987 ቶፕስ፣ ያ ጠርዙ እንጨት የሚመስለው፣ የታተመው ቀለም በሚመጥ ካርቶን ላይ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ ግን የሚያብረቀርቅ ልባስ አላቸው፤ ቀለሙ የሚሰርግበት አጥቶ ላዩ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ልባሱን ያደብዝዙት። ፊርማው ያርፍበታል ብለው ባሰቡት ቦታ ላይ አንድ ቁንጥር የሕፃናት ፓውደር ነስንሰው፣ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ሳይጫኑ እያዞሩ ያሹት። ከዚያ ብናኙን በንጹሕ ጨርቅ ሙልጭ አድርገው ይጥረጉ፤ የቀረ ፓውደር የማርከሩን ጫፍ ይደፍንና መስመሩን ይቆራርጠዋል። ካርዱን ወደ መብራት ዘንበል ሲያደርጉት የታሸው ቦታ ፈዘዝ ካለ ይበቃል። በላጲስ የሚያሹም አሉ፤ እኛ አንመክረውም፣ የታተመውን ሥዕል ሊፍቅ ይችላል።

የተዝረከረከው ምናልባት ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ፕላስቲክ ልብሱ ተመልሶ የገባው ነው። ካርዱን ያለ ፕላስቲክ፣ በታጠፈ ነጭ ወረቀት መካከል አድርገው ይላኩ። ቶፕስ ሄሪቴጅ የሚባለው የካርድ ዓይነት፣ ከ2001 ጀምሮ የወጣው፣ በድሮው ዓይነት ካርቶን ስለሚታተም የሚፈልጉት ተጫዋች በእሱ ካለ ብዙ ድካም ይቀርልዎታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከአሜሪካ ውጭ ነው። ተጫዋቹ ካርዱን በሚመልስበት ፖስታ ላይ የአገሬን ቴምብር ብለጥፍ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ፖስታው የሚነሣው ከአሜሪካ ስለሆነ የአሜሪካ ቴምብር ያስፈልገዋል። «ግሎባል ፎርኤቨር» የሚባለው ቴምብር እስከ 1 አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ደብዳቤ ወደ የትኛውም አገር ያደርሳል፤ ዋጋው ቢጨምር እንኳ የያዙት አይወድቅም። ራስዎ አድራሻዎን ይጻፉበት፣ ቴምብሩን ይለጥፉበት፣ አጥፈው ከደብዳቤው ጋር ያስገቡት። ተጫዋቹ ፈርሞ ከማሸግ ሌላ ሥራ ሊኖረው አይገባም።

ማርከር ግን አይጨምሩ። ፖስታው ያብጣል፣ መለያው ማሽን ውስጥም ይቀረቀራል። ጠንካራው የፕላስቲክ መያዣም እንዲሁ አይታጠፍምና ተጨማሪ ክፍያ ያስጠይቃል። በካርዱ ልክ የተቆረጠ ስስ ካርቶን ይበቃል። ከሁለት ካርድ በላይ አይላኩ፤ ድርብ የሌለዎትን ካርድም አይላኩ፣ ላይመለስ ይችላልና። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ በእጅ የተጻፈ ይሁን፤ ስለ ጨዋታው በእርግጥ የሚያውቁትን አንድ ነገር ያንሡለት። ስምዎን ጨምሮ እንዲፈርም መጠየቅም ይረዳል፤ ለሽያጭ እንዳልፈለጉት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ፊርማው የራሱ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሁለት ፊርማ ካለዎት ፎቶ አንሥተው በአንድ መጠን ያነባብሯቸው። የሰው እጅ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም፤ ልክ በልክ ከገጠሙ የተፈረመው በማሽን ወይም በማኅተም ነው። አንድ ብቻ ከሆነ በአጉሊ መነጽር አንዱ መስመር በሌላው ላይ የሚያልፍበትን ይዩ፦ በማርከር የተፈረመ እዚያ ላይ ጠቆር ይላል፣ ማኅተም ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ነው። ቤተሰብ ወይም ጸሐፊ የፈረመለትን በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም፤ እሱን የሚያጋልጠው ተጫዋቹ ሰው ፊት ከፈረማቸው ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ነው።