አንሶላውን ማን ያጥባል?

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው ስልኬን አንስቼ የጀመርኩት። ትዕግሥቴ አልቋል።

እናቴ አዳማ ውስጥ ትንሽ ፔንሲዮን አለቻት። 10 አልጋ ናት። አባታችን ካረፈ በኋላ አዲስ አበባ የነበረኝን ሥራ ትቼ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አዳማን ያውቋታል፤ የሚያኖረን ስብሰባና ወርክሾፕ ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሲሞሉ ወይም ተሰብሳቢው አበሉን ቆጥቦ ወደ ቤቱ መመለስ ሲፈልግ እኛ ጋ ጎራ ይላል።

አምና ታኅሣሥ 26 ሌሊት፣ ለ10 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛም እንደ ሰው ሁሉ በሌሊት ልብሳችን ግቢ ወጥተን ነበር። የቁርስ ኩባያዎቹ መደርደሪያው ላይ ሲንጫጩ እስካሁን ይሰማኛል። የዚያኑ ዕለት ማታ አንድ አባዱላ ሙሉ ሰው ከመተሃራ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ከነልጆቹ 19 ነበሩ። መጀመሪያ የወረደችው የአቡሽ እናት ናት። ለዓመታት ሽንኩርት የምታመጣልን ደንበኛችን ነች። እናቴ አንድ ነገር አልጠየቀችም። “ግቡ” አለች፣ በቃ። 5 ክፍል ከፈተችላቸው። የገናን ዶሮ አብረን በላን። ያኔ እኔም አልከፋኝም፤ እንዲያውም ከጎረቤት ፍራሽ እየለመንኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ግን እትዬ፣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባል የለ? ሌሎቹ ቀስ በቀስ ወደየዘመዶቻቸው ሄዱ። የአቡሽ እናት፣ 3 ልጆቿና አማቷ ግን ቀሩ። 2 ክፍል ይዘዋል። ጥር ወጥቶ የካቲት ሲገባ ልትመለስ ዕቃዋን ሸክፋ ነበር። የካቲት 7 ማታ ደግሞ ያ ትልቁ መንቀጥቀጥ መጣ። ልጆቹ አልቅሰው እምቢ አሉ፤ ሻንጣው ተፈታ። ባሏ መተሃራ ተመልሶ “ቤቱን እየጠገንኩ ነው” ይላል። ዓመት ሙሉ የሚጠገን ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? ቤተ መንግሥት ነው?

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንድ ክፍል በቀን 800 ብር ነው። ሁለቱ 1,600። በወር 48,000 ብር። በዓመት ያለውን ሳባዛ ነው እንቅልፌ የሚጠፋው። የመብራቱ ለብቻው ነው፤ ምጣዱ በሳምንት ሦስቴ ይጣዳል። ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሰው ለሥልጠና ዝግጅት ሲያነብ ኳሷ በሩን ትመታዋለች። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

እርግጥ ዝም ብላ አትቀመጥም፤ አልዋሽም። መጋቢት ላይ በወር 3,500 ብር የምንከፍላትን ልብስ አጣቢ አሰናብተናል፣ አሁን አንሶላውን የምታጥበው የአቡሽ እናት ናት። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በሚመጣበት ሌሊት እየተነሳች ሮቶውን ትሞላለች። ቁርስም ትሠራለች። እንደ ቤተሰብ ሆናለች ማለት ይቻላል። እሱም ግን የራሱ ችግር አለው። ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ እጇ በበረኪና ተላልጦ ሲያይ የቀረበለትን እንቁላል ፍርፍር ትቶ ተነሳ። የተሳቀቅኩት እኔ ነኝ።

ለእናቴ ስነግራት “እግዜር የላከውን እኔ አላስወጣም” ትለኛለች። ውይይት የለም። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለማን እንደሰጠች ልንገርዎት? ለእሷ። እኔ 4 ዓመት እዚያ ቤት ውስጥ ስሠራ ያንን ቁልፍ ይዤው አላውቅም።

እናቴ በየዓመቱ ቁልቢ ትሄዳለች። ዘንድሮም ለታኅሣሥ 19 ትሄዳለች፤ 5 ቀን ያህል ትቆያለች። በዚያው ሰሞን ወርክሾፕ አለ፤ 10ሩንም አልጋ ተጠይቀናል። እናቴ በሌለችበት የአቡሽን እናት ቁጭ አድርጌ “እህቴ፣ በቃ፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ” ብላት ኃጢአት ይሆንብኛል? ክፉ ሰው ነኝ?

የደከማት፣ ከአዳማ

*

የደከመሽ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አዘንኩልሽ። ሁለተኛውን እስክሪብቶ ይዤ ነበር፤ ከአንድ ቦታ ስር ብቻ አሰመርኩ። 48,000 ብሩን አለፍኩት። ኳሱንም፣ ምጣዱንም አለፍኩ። ያሰመርኩት ከእጇ ስር ነው።

እጁ በበረኪና እስኪላላጥ አንሶላ የሚያጥብ ሰው፣ ሌሊት ተነስቶ ሮቶ የሚሞላ፣ ጠዋት ለማያውቀው ሰው ፍርፍር የሚሠራ ሰው ስሙ እንግዳ ነው እንዴ? እኛ ሠፈር ሠራተኛ ነው የሚባለው። አንቺ ቤት ዓመት የሞላው እንግዳ የለም። 8 ወር ደመወዝ ያልተከፈላት ሠራተኛ ነው ያለችው።

ሒሳብ ትወጃለሽና እንሥራው። ያቺን አጣቢ በመጋቢት አሰናበታችሁ። አሁን ኅዳር ነው። 8 ወር በ3,500 ብር፣ 28,000 ብር። ይህ የአንሶላው ብቻ ነው። የቁርሱን አልነካሁም። የሌሊቱን ውሃ አልነካሁም። አሁን ደግሞ ወደ አንቺ 48,000 እንምጣ። እሱ እኮ 2ቱም ክፍሎች በወሩ 30 ቀን ሙሉ እንግዳ ሲኖራቸው ነው። አዳማን እኔም አውቃታለሁ። ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤት ሁሉ በጀት ሊዘጋ ሲሯሯጥ አልጋ በልመና ነው። በሐምሌ ማክሰኞ ማታስ? ዘበኛው በር ላይ ቆሞ “አልጋ አለ!” እያለ መንገደኛ አይጠራም? ባዶ የሚያድረውንም ክፍል በሷ ስም ጽፈሽ እዳ አድርገሽባታል። እሷ የሠራችልሽን ደግሞ “እንደ ቤተሰብ ሆናለች” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተሽዋል።

ይቺ “እንደ” የምትባል ቃል ከእኔ ጋር የቆየ ጠብ አላት። እኔ ያደግሁት አክስቴ ቤት ነው። እናቴ ስትሞት የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ነፍሷን ይማረው። ለመጣ ሰው ሁሉ “እንደ ልጄ ናት” ትል ነበር። ልጆቿ ሲያጠኑ እንደ ልጇ የነበርኩት እኔ ድስት አጥብ ነበር። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። አንድ ነገር ብቻ አልነበረኝም፤ “እምቢ” የምልበት አፍ። የተጠጋ ሰው አፍ የለውም። የአቡሽ እናት ሌሊት 8 ሰዓት ውሃ ሲንፏፏ የምትነሳው ምናልባት ለእናትሽ ካላት ፍቅር ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ሳትነሳ የቀረች ቀን ልጆቿ የት እንደሚያድሩ ስለማታውቅ ነው። አንቺም አታውቂም፤ ጠይቀሻት አታውቂማ።

ስለዚህ አዳላለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም።

“ዓመት ሙሉ የሚጠገን ቤት ምን ዓይነት ነው” ብለሻል። ልንገርሽ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ያ አካባቢ አንዴ ተንቀጥቅጦ ያበቃለት አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎቹ እነ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየሚዲያው ሲያስረዱ ሰምተን የለ? ከፈንታሌና ከዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች በታች ቅልጥ አለት ምድሩን እየሰነጠቀ ሲገባ ነው መሬቱ ለወራት ሲናጥ የከረመው። እናንተን ግቢ ያስወጣችሁ የታኅሣሥ 26ቱ መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.8 ተብሎ ተነግሯል። ለአደጋው ተጋልጠዋል የተባሉት ወደ 80 ሺህ ሰዎች ነበሩ። ሻንጣውን ያስፈታው የየካቲት 7ቱ ደግሞ 6.0 ነበር። እናንተ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ ኩባያ የተንጫጫ፣ እዚያ ጭቃ ግድግዳ ምን እንደሚሆን አስቢው። ለስነሽ ሳይደርቅ ሌላ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ቤት የሚጠገነው በብር ነው። ሴትዮዋ የሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። የሽንኩርት ነጋዴ ሀብቷ መነሻዋ ናት፤ ዛሬ ሸጣ ነገ የምትጭንበት። 5 ነፍስ ይዛ ከተሰደደች መነሻዋን ከበላችው ቆይታለች። ባሏ በምን ቆርቆሮ ይግዛ? ሚስቱ የምትሠራው በነጻ ነው።

እንድትወጣ ትፈልጊያለሽ? ክፈያት።

የምሬን ነው። ምጸት አይደለም። ያንን 28,000 ብር በእጇ ስጫት፤ አንዴ ካልቻላችሁ በሦስት ወር ከፋፍላችሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ ደግሞ ደመወዟ ይታወቅ። ክፍሉን በወር ኪራይ ዋጋ ተነጋገሩ፤ 5 ልጅና አዋቂ በዕለት አልጋ ሒሳብ ዓመት አይኖርም። ሒሳቡ ከተጣራ በኋላ ልቆይ ካለች ተከራይና ሠራተኛ ናት፤ ልሂድ ካለች በብሯ ትሄዳለች። ስምምነቱ ይጻፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንደሁ በቃልም የሠራ ሰው ሠራተኛ ነው ይላል፤ የጽሑፍ ውል ከሌለ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ፔንሲዮን ንግድ ነው። “እኛ ቤት ነው፣ ቤተሰብ ነን” አያዋጣም።

ስለ ሮቶው አንድ ነገር ልበል፤ ጣሪያ ላይ ከሆነ። 1 ሺህ ሊትር ውሃ 1 ሺህ ኪሎ ነው። የተቀመጠበትን ብረት በባለሙያ አሳዩ። ከሥሩ እንግዳ ነው የሚያድረው።

እናትሽን በተመለከተ ሰው ሁሉ እንደ ጻድቅ ያወራላታል፤ ይገባታልም። በሚንቀጠቀጥ ምድር ላይ 5 ክፍል በአንድ ቃል የሚከፍት ሰው ስንት አለ? ግን ጽድቁ የእሷ፣ እጥበቱ የሌላ ሰው መሆኑን ልታውቅ ይገባል። ይህን ፊት ለፊት ንገሪያት። ቁልቢ ስትሄድ ጠብቀሽ ከጀርባዋ የምታደርጊው ነገር ግን አይሆንም። ኃጢአት ነው ወይ ብለሽኛል፤ እሱን የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ። እኔ ፈሪነት ነው እላለሁ።

አሁን ስለ ቁልፉ። እሱ ጋ ስደርስ ነው የአንቺ ደብዳቤ የገባኝ። አባትሽ ሲያርፍ ሥራሽን ትተሽ መጣሽ። 4 ዓመት ሆነሽ። ስለ ክፍል ዋጋ ጻፍሽልኝ፣ ስለ አጣቢዋ ደመወዝ ጻፍሽልኝ፣ ስለ መብራት ጻፍሽልኝ። ስለ ራስሽ ደመወዝ ግን አንዲት ቃል የለም። ልጄ፣ አንቺስ ይከፈልሻል? ዝም ያልሽው ስለሌለ ይመስለኛል። “የእናቴ ቤት ነው” ብለሽ። እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሠሩት ሴቶች ሁለት ናችሁ፤ አንደኛዋ ሌላኛዋን ልታስወጣ እንቅልፍ አጥታለች። ከእናትሽ ጋር ስትቀመጪ ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ይጻፍ። ቁልፉን ያኔ ጠይቂያት። ሁለት ቁልፍ ማስቀረጽ ብዙ አያስወጣም።

ክፉ ነሽ ወይ ላልሽኝ፣ አይደለሽም። ያን ሌሊት ፍራሽ ስትለምኝ የዞርሽው አንቺ ነሽ። ደክሞሻል።

ወርክሾፑ ሲመጣ ለምኛት፤ አማቷና ልጆቹ ለ5 ቀን በአንዱ ክፍል ይጠጋጉ፣ አንቺ 9 አልጋ አከራዪ። ደመወዟን ከተቀበለች ሴት ጋር እንዲህ ያለ ነገር መነጋገር ይቀላል። ከዚያ በፊት ደግሞ በአንዱ እሑድ ተነሺና ከአቡሽ እናት ጋር መተሃራ ሂዱ። በዕለቱ ትመለሳላችሁ። ቤቱን እይው። መቁጠር ትችያለሽ፤ ስንት ቆርቆሮ እንደጎደለው፣ ስንት ማገር እንደሚቀረው ቁጠሪ። ባሏንም አነጋግሪው።

ይህ ሁሉ ቀን ይፈልጋል። ዛሬ ግን፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ሱቅ ሂጂና የላስቲክ ጓንት ግዢላት። ሁለት ግዢ፤ አንዱ ይቀደዳል።