ለደንባራ ፈረስ ምን ልስጠው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ወዳጆቼ። የበዓልና የውድድር ሰሞን ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል፤ «ፈረሴ ሰው ሲያይ ይደነብራል፣ የሚያረጋጋው ነገር ምን ልስጠው?» የሚል። ዛሬ ከሰዓቱን ለዚህ ተቀምጫለሁ። ስትጠይቁ ዕድሜውን፣ የሚበላውን፣ የሚያድርበትን ንገሩኝ። «ፈረሴ ቁጡ ነው» ብቻ ካላችሁኝ ልረዳችሁ አልችልም።

ከእንጅባራ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰባት ዓመት የሆነው ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ አለኝ። ቤት እንደ በግ ነው። ጥር 23 በፈረሰኞች በዓል ላይ ግን ያልበዋል፣ ልጓሙን ያኝካል፣ ሰልፍ ላይ አልቆም ይላል። ኮርቻውን ሳጠብቅበትም ሊነክሰኝ ይዞራል። ዘመዴ ከውጭ ማግኒዥየም ያለበት የማረጋጊያ ዱቄት ልኮልኛል። ስንት ማንኪያ ልስጠው?

መልስ፦ ማንኪያውን ተወውና በበዓሉ ዕለት ጠዋት ምን እንደበላ ንገረኝ።

ከእንጅባራ፦ ሆዱ እንዳይከብደው ብዬ ከማታ ጀምሮ ድርቆሽ እከለክለዋለሁ። ጠዋት ገብስ ብቻ ነው፤ ጉልበት እንዲሆነው።

መልስ፦ ይህን ሁላችሁም አንብቡት፤ ከዱቄቱ ሁሉ ይበልጣል።

የፈረስ ጨጓራ ቀን ከሌሊት አሲድ ያመነጫል። ቢበላም ባይበላም አያቆምም። አሲዱን የሚያበርድለት ምራቁ ነው። ምራቁ የሚመጣው ደግሞ ሲያኝክ ብቻ ነው። ድርቆሽ ብዙ ያስኝካል። ገብስ ቶሎ ያልቃል። የጨጓራው የላይኛው ክፍል አሲዱን የሚከላከልበት ነገር የለውም። ባዶ ሆዱን ስታስሮጠው ሆዱ ጨጓራውን ይጨምቀዋል፤ አሲዱ ወደ ላይ ይረጫል። ያቃጥለዋል። ኮርቻ ሲጠብቅበት የሚዞርብህ ለዚህ ሊሆን ይችላል። የጨጓራ ቁስለት በውድድር ፈረሶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። እኛ «አመል» የምንለው ብዙ ነገር ሕመም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለዚህ ማታ ድርቆሽ አይቋረጥበት። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ከመጋለብህ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥም ጥቂት እፍኝ ድርቆሽ ስጠው። አይከብደውም፤ አሲዱ እንዳይረጭ ከላይ ይይዝለታል። ገብሱን ቀንስ። ሲበዛ እሱ ራሱ ያቁነጠንጠዋል።

ሁለተኛ፣ አፉን እይ። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በጉንጩ በኩል፣ የታችኛው በምላሱ በኩል እየሾለ ይሄዳል። ልጓም ስትስብ ያ ሹል ሥጋውን ይቆርጠዋል። ሐኪም ይሞርድለት። ልጓሙ ራሱ የዛገ ወይም የሾለ ከሆነ ቀይረው።

ሦስተኛ፣ ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን አምጥተህ ሺህ ሰው መሐል ስታቆመው ለእሱ ጅብ መሐል እንደመቆም ነው። ከለመደ ፈረስ ጎን አቁመው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበራችሁ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ የለመደ ፈረስ ያለው አዛውንት አታጣም። ከአሁኑ ጀምረህም ገበያ ዳር ውሰደው። መጀመሪያ ከሩቅ ይይ፤ ሲረጋጋ ትንሽ ቅረብ፤ እዚያው ድርቆሽ ይብላ። በሳምንታት ይለምዳል።

ማግኒዥየሙን በተመለከተ፣ ሣርና ድርቆሽ የሚበላ ፈረስ ብዙ ጊዜ አይጎድለውም። ካልጎደለው ለውጥ አትጠብቅ። ከበዛ ተቅማጥ ያመጣበታል። መሞከር ካለብህም ቤት ሞክረው። በበዓሉ ቀን አዲስ ነገር አይጀመርም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ከአዳማ፦ ዶክተር ፈረሴ በጣም ቁጡ ነው፣ ምን ልስጠው?

መልስ፦ መግቢያውን አንብብና ተመለስ።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ ዝላይ ነው የምለማመደው። ቫሌሪያንና ካሞማይል የሚባሉ ዕፅዋት የተቀላቀሉበት የማረጋጊያ ዱቄት ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው። ተፈጥሯዊ ማለት የተፈቀደ ማለት አይደለም። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ቫሌሪያን ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ይከለክላል። በርበሬ እንኳ ተፈጥሯዊ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ አራት የዝላይ ፈረሶች ካፕሳይሲን ተገኝቶባቸው ነበር፤ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ያ ነገር ማለት ነው። ኖርዌይ በቡድን ያገኘችውን ነሐስ ተነጠቀች።

ስለ ማረጋጊያ ካነሳን የ2004ቱን የአቴንስ ኦሎምፒክ አስታውሱ። አየርላንዳዊው ሲያን ኦኮነር ዋተርፎርድ ክሪስታል በተባለው ፈረስ የዝላይ ወርቅ ወሰደ። ፈረሱ ሲመረመር ፍሉፌናዚንና ዙክሎፔንቲክሶል ተገኘበት። ሁለቱም ለሰው የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ ናቸው። ሆን ብሎ ለማሸነፍ እንዳላደረገው ዳኞቹ ተቀብለውታል። ወርቁ ግን ለብራዚላዊው ሮድሪጎ ፔሶዋ ተሰጠ። ተጠያቂው ጋላቢው ነው። «ሐኪሙ ነው የሰጠው»፣ «ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም» ብሎ ማምለጥ የለም።

ከባሕር ዳር፦ ዲያዜፓም የሚባለው የሰው ማረጋጊያ ግማሽ ክኒን ቢሆንስ?

መልስ፦ አይሆንም።

ከቨርጂኒያ፦ ዶክተር፣ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፖኒ ትጋልባለች። ጋጣው ውስጥ አንዲት እናት ለፖኒው ሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ነገር) ያለበት ብስኩት ሰጠችን። እዚህ በየሱቁ ይሸጣል፣ እሷም ሁሌ እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ልመልስላት?

መልስ፦ መልሺላት እህቴ። የአሜሪካ ፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሲቢዲን ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ጋባ የሚባለውን ማረጋጊያም በ2012 እ.ኤ.አ. ከልክሏል። ሱቅ ውስጥ መሸጡ ምንም ማለት አይደለም። ከዚያ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ልጅሽ ናት። ፖኒው ለእሷ ከከበዳት የሚያስፈልገው ብስኩት አይደለም፤ አሠልጣኟ ሌላ ፖኒ ትፈልግላት።

ከደብረ ብርሃን፦ እኔ የማይገባኝ ይህ ሁሉ ምርመራ የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ ጉግስ ስንጫወት ማን ሽንት ይመረምራል? አባቶቻችን ትንሽ አተላ አጠጥተው ነበር የሚወጡት።

ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ የእነ አባ ዳኘውና የእነ አባ ታጠቅ ስም ያለ ነገር አልቀረም። በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ፈረሱን አያሰክርም።

ከደብረ ብርሃን፦ አላሰክርም አልኩ እንዴ? ትንሽ ነው ያልኩት። ችግሩ ሌላ ነው። ዘንድሮ ሁሉም ድንጉላ (ያልተኮላሸ ፈረስ) እያመጣ ነው ሜዳው የሚታመሰው። ሰንጋ ይዞ ቢመጣ ማን ይደነብር ነበር?

ከአሰላ፦ ድንጉላ የሌለበት ጉግስ ጉግስ ነው? ሰንጋ ወኔ የለውም።

ከእንጅባራ፦ ይቅርታ፣ የኔ ሰንጋ ነው። ወኔውንም ሜዳ ላይ መጥተህ እየው።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ የሰንጋና የድንጉላ ክርክር ለሌላ ቀን ይደር። አተላው ላይ ግን ዝም አልልም። አተላ ውስጥ የቀረ አልኮል አለ። መርማሪ ባይኖርም የፈረሱ እግር መሰናከሉ አይቀርም። በሽምጥ የሚሮጥ ፈረስ አንዴ ከተሰናከለ አንተም እሱም ትወድቃላችሁ፤ ከኋላ የሚመጣው ይረግጣችኋል። የደነዘዘ ፈረስ ደህና የተኛ ይመስልና በአንድ ጩኸት ይፈነዳል። ሲደነብር እያየህ ታውቃለህ። ደንዝዞ ሲፈነዳ ግን አታውቅም። «ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ጨምሮ» ይባላል። ቃጭሉ ዛሬ አተላው ነው።

ድንጉላ ያላችሁ ደግሞ ይህን ለይታችሁ ስሙ። አሴፕሮማዚን የሚባል ማረጋጊያ አለ። ድንጉላ ላይ ብልቱ ወጥቶ እንዳይመለስ ሊያደርግ ይችላል። የደም ግፊቱንም ያወርዳል፤ አስቀድሞ የደነገጠ ፈረስ ሊወድቅ ይችላል። ያለ ሐኪም እጃችሁ አይግባ።

ከዱባይ፦ ዶክተር፣ የረጅም ርቀት ውድድር ፈረሶች ጠባቂ ነኝ። አለቃዬ «ሐኪሞቹ ልብ ምት ከመለካታቸው በፊት ይህን ስጠው፣ ቶሎ ይወርዳል» ብሎ ያለ ጽሑፍ ስሪንጅ ሰጠኝ። ፔስት ነው። እምቢ ካልኩ ሥራዬን አጣለሁ።

መልስ፦ አንተ ወንድሜ፣ የዛሬው ከባድ ጥያቄ ያንተ ነው። በብዙ ውድድሮች ደንብ ፈረሱ ለመቀጠል ልቡ በደቂቃ ከ64 በላይ መምታት የለበትም። ያ ቁጥር የተቀመጠው የደከመ ፈረስ እንዲቆም ነው። ቁጥሩን በመድኃኒት ብታወርደው ፈረሱ ሳያርፍ «አርፏል» ይባላል፤ ወደ ሜዳም ይመለሳል። በረሃ ላይ ፈረስ የሚሞተው እንዲህ ነው። ደንቡ ጠባቂውንም ሊጠይቅ ይችላል። ጽሑፍ የሌለበትን ነገር በእጅህ አትስጥ። «ምን እንደሆነ የውድድሩ ሐኪም ይይልኝና እሰጣለሁ» በለው። ይህን ስትለው ብዙዎቹ ይተዉታል። ልብ ምት በሐቅ የሚወርደው በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በጥላ፣ ቀስ ብሎ በማራመድ ነው። ያንን አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ከፈለግህ ለብቻ ጻፍልኝ።

ከሐዋሳ፦ ትሪፕቶፋን የሚባለው ያለበት ማረጋጊያስ? የትኛው ብራንድ ይሻላል?

መልስ፦ ብራንድ አልመርጥም። ትሪፕቶፋን በትንሽ መጠን ሲሰጥ ጭራሽ ሊያነቃቃ ይችላል። በውድድር ቀን አዲስ ነገር አይጀመርም ብያለሁ።

ከአዳማ፦ ተመለስኩ ዶክተር። አምስት ዓመቱ ነው፣ ገብስና ፉርሽካ ይበላል፣ ብቻውን ነው የሚያድር። ምን ልስጠው?

መልስ፦ ድርቆሽና ጓደኛ። ጓደኛው አህያም ቢሆን ይሆናል።

ከአዲስ አበባ፦ የጨጓራ ቁስለት ከተገኘበት መድኃኒቱም ያስቀጣል ማለት ነው?

መልስ፦ ኦሜፕራዞል ይፈቀዳል። ግን መጀመሪያ ይመርመር። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ጋ ጠይቅ።

ከእንጅባራ፦ ዶክተር፣ አሁን ወርጄ አፉን አየሁት። በቀኝ በኩል ጉንጩ ውስጥ ቁስል አለ። ልጓሙን ሳወጣ እንኳ ራሱን ይሸሻል። ይህን ሁሉ ጊዜ አመል መስሎኝ ስገርፈው ነበር።

መልስ፦ አይዞህ፣ ይድናል። ቁስሉ እስኪድን ልጓም አታግባበት፤ በማሰሪያ ብቻ አራምደው። ጥርሱን የሚሞርድ ሐኪም በዚህ ሳምንት ይይልህ። ዛሬ ማታ ድርቆሹን አትርሳ።