ቫርኒሹን ለጊዜው ይተዉት

አንድ አንባቢ የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤታቸውን ልስን አስነስተው ብሎኬቱን ገላጣውን ትተውታል። ክፍሉ ውስጥ ያለው አልጋና አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። «ወድጄው ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ግን ከመስኮቱ ሥር ነጭ ዱቄት እየወጣ ነው፤ አሸዋውም አንሶላዬ ላይ ይረግፋል። ቫርኒሽ ላስቀባው?» ይላሉ።

አያስቀቡት፤ ቢያንስ አሁን። እኔም በጀማሪነቴ አንድ ግድግዳ በክረምት ቫርኒሽ ቀብቼ ተመስግኜበት ነበር። ጥቅምት ላይ ተጠርቼ ስሄድ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ጠበቀኝ። ድጋሚ የሠራሁት በራሴ ኪሳራ ነው።

ዱቄቱ ጨው ነው። ብሎኬቱ ውስጥ የገባ ውሃ ጨዉን አሟሙቶ ይዞት ይወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ፊቱ ላይ ይቀራል። ሻጋታ ይሆን ብለው ከሰጉ ጠብታ ውሃ ያድርጉበት፤ ጨው ከሆነ ሟሙቶ ይጠፋል። ከመስኮት ሥር መውጣቱን ስሰማ እኔ መጀመሪያ የማየው ውጭውን ነው። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውስጥ አዘንብሏል? በፍሬሙና በልስኑ መሃል ስንጥቅ አለ? ያ ሳይደፈን ውስጡን ማሳመር ገንዘብ መበተን ነው።

ከተደፈነ በኋላ ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት። በውሃ ከታጠበ ተመልሶ ይገባል። አሲድ አስነኩት የሚልዎት አይጠፋም፤ የሚተኙበት ክፍል ነው፣ ይቅርብዎት።

ቀጥሎ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና አንድ ቀን ይተዉት። በግድግዳው በኩል ላብ ካቆረ ገና አልደረቀም። በጋው እስኪገባ መጠበቅ ሊኖርብዎት ይችላል። ሲደርቅ ቫርኒሽ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ እንፋሎት የሚያሳልፍ የኮንክሪት ሲለር (ውሃ እንዳይገባ የሚቀባ ፈሳሽ) ይግዙ፤ ጣሳው ላይ ሲሌን ወይም ሲሎክሴን የሚል ይፈልጉ። መጀመሪያ ከአልጋው ጀርባ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩት፤ አንዳንዱ ብሎኬቱን ያጠቁረዋል።

ሲለሩ የሚመልሰው ውሃን እንጂ አሸዋን አይደለም። ብሎኬቱን በአውራ ጣትዎ አሸት ያድርጉት። ደጋግመው ጠርገውትም ከረገፈ ስሚንቶ የተሰሰተበት ነው፤ ተገልጦ የሚኖር ብሎኬት አይደለም። እኔ ብሆን እሱን ግድግዳ ብቻ መልሼ አስለስነውና ቀለም ሳልቀባ ግራጫውን እተወዋለሁ። ሌሎቹ ባሉበት ይቆዩ። አልጋውንም አንድ ስንዝር ፈቀቅ ያድርጉት።